ዋጊኖስ፦ ከጎንደር ቆላ እስከ ደም ነቀርሳ ላቦራቶሪ

የመድኃኒት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ መጻፍ የሚጀምረው ከላቦራቶሪው በር ነው። ንጥረ ነገሩን አጥርቶ ያወጣው ኬሚስት፣ በአይጥ ላይ የፈተነው ተመራማሪ፣ ለበሽተኛ እንዲሰጥ የፈቀደው መሥሪያ ቤት በስምና በዓመተ ምሕረት ይመዘገባሉ። ተክሉን ከሌላው ለይቶ፣ ሥሩን ልጦና አድርቆ፣ ልኩንም ወስኖ ለበሽተኛ ይሰጥ የነበረው ሰው ግን «የአገሬው ተወላጅ» ተብሎ በአንድ ሐረግ ይታለፋል። ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የትኛው የተክሉ ክፍል፣ እንዴት ተዘጋጅቶ፣ በምን ያህል መጠን የሚለው ዕውቀት ከዚያ ሰው ጋር ሲቀር፣ ኋላ በብዙ ድካምና ወጪ እንደገና የሚፈለግ ይሆናል።

ለዚህ አባባል ዋጊኖስ ከተባለው ተክል ታሪክ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያዳግታል። ዋጊኖስ፣ በአንዳንድ ስፍራ አባሎ የሚባለው፣ በሀገራችን ጫካዎች ዳርና በሸለቆዎች ግራና ቀኝ የሚበቅል ቁጥቋጦ ወይም አነስተኛ ዛፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ብሩሲያ አንቲዲሴንቴሪካ ሲሆን፣ ትርጓሜውም «የደም ተቅማጥ ማርከሻ የሆነች የብሩስ ተክል» እንደ ማለት ነው። ስሙን ብቻ አስተውሎ ለመረመረው ሰው ግማሹ ታሪክ በውስጡ ይገኛል፤ ቀሪውን ግማሽ እዚህ እናቀርባለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ያልተመዘገበው ባለመድኃኒት

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በየካቲት ወር 1770 ጎንደር ሲገባ፣ ከተማዪቱ የዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ መናገሻ ነበረች፤ የመንግሥቱን ሥልጣን በእጃቸው የያዙት ግን ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ከቁስቋም ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበር፣ ብሩስ እንደ ሐኪም ተጠርቶ የመኳንንቱን ልጆች አስታመመ። ሞገስ ያገኘበትም፣ በከተማዪቱ ተዘልሎ ለመቀመጥ የበቃበትም ዋናው ምክንያት ይኸው ነበር።

ይሁን እንጂ ሐኪሙ ራሱ ታመመ። በታኅሣሥ ወር 1771 ጎንደርን ለቆ ወደ ስናር ሲያመራ፣ ለብዙ ሳምንት የደም ተቅማጥ ሲያሠቃየው ቆይቶ ነበር። በጊዜው በአውሮፓ ሕክምና የታወቁትን ኢፔካክንና ላውዳነምን እየደጋገመ ቢወስድም፣ ጥቂት ፋታ ከማግኘት በቀር በሽታው አልለቀቀውም። በ1772 መጀመሪያ ላይ በመተማ አቅራቢያ በምትገኘው የጠረፍ አገር በራስ ኤል ፊል ሰፍሮ ሳለ፣ ከቋራ ጠረፍ በመልእክት የመጡ፣ ጋንጃር የሚባሉ ሰዎች ከርሱ ዘንድ እየመጡ ይቀመጡ ነበር። ከነዚህ አንዱ የብሩስን ጭንቀት ሰምቶ ነገሩን ቀለል አድርጎ ተመለከተው፤ መድኃኒቱ ከደጃፉ በቅሎ አይቶታልና።

ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የዚያን ሰው አሠራር ደረጃ በደረጃ ዘርዝሮ ጽፎታል። ሰውየው ወፍራሙን ሥር ቆፍሮ አወጣ፤ ቅርፊቱን ላጠ፤ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ነጣ ያለውን ስስ ሽፋን አነሣ፤ በፀሐይ አደረቀ፤ ከዚያም ዱቄት እስኪሆን ድረስ ተወቀጠ። አወሳሰዱም ልክ ነበረው። ክምር ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ስኒ የግመል ወተት ውስጥ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፤ ውሃና ቦዛ መጠጣት ግን ክልክል ነው። ብሩስ በሁለተኛው ቀን መሻሉን ተረድቶ የአውሮፓውን መድኃኒት ተወ፤ ሳምንት ሳይሞላውም ዳንሁ አለ።

እኛ መሐንዲሶች ይህን ስናነብ ሌላው አንባቢ ልብ የማይለው ነገር ይታየናል። ጥሬ ዕቃ መምረጥ፣ የማያስፈልገውን ክፍል ማስወገድ፣ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ መጠን መወሰን፣ የሚያውክ ነገር መከልከል፤ ይህ ሁሉ የሥራ ቅደም ተከተል ነው። የተሟላ የአመራረት ዘዴ ለማለት ይቻላል። ብሩስ ዘዴውን በታማኝነት መዝግቦታል። የሰውየውን ስም ግን አልመዘገበም።

ተክሉ ስም ሲያወጣና ስሙ ሲሳሳት

ብሩስ ይዞት የሄደው ዘር በለንደን አጠገብ በኪው በሚገኘው የንጉሥ አትክልት ስፍራ በቀለ። ታዋቂው የዕፅዋት ሊቅ ሰር ጆሴፍ ባንክስ ለተክሉ ወገን በብሩስ ስም ብሩሲያ የሚለውን መጠሪያ ሰጡት፤ ጆን ፍሬድሪክ ሚለርም በ1779 ግድም ሥዕሉን ከነስሙ አሳተመ። ዋጊኖስ በዓለም መዝገብ የገባው በዚህ አኳኋን ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለማንኛውም የቴክኒክ ሰው ትምህርት ይሰጣል። በ1819 ፔለቲየና ካቫንቱ የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች፣ በመድኃኒት ንግድ ውስጥ «ሐሰተኛ አንጎስቱራ» ከሚባል ቅርፊት አንድ አልካሎይድ አጥርተው አወጡ። ቅርፊቱ የኢትዮጵያው ብሩሲያ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ያገኙትን ንጥረ ነገር ብሩሲን ብለው ሰየሙት። ኋላ ሲጣራ ግን ቅርፊቱ የተገኘው በእስያ ከሚበቅለውና ስትሪክኒን የተባለው ብርቱ መርዝ ከሚወጣበት ዛፍ ሆነ። ዋጊኖስ ብሩሲን የሚባል ነገር የለውም፤ መርዙ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ ይጠራል። የተመረመረው ናሙና ከየትኛው ዛፍ፣ ከየት አገር፣ በማን እንደ ተለቀመ የሚያረጋግጥ መዝገብ ከሌለ፣ የላቦራቶሪ ሥራ የቱን ያህል የጠራ ቢሆን የሚያስከትለው ስሕተት እንዲህ ያለ ነው።

የአይጦቹ ፈተና

ዋጊኖስ እንደገና ከሳይንስ ዓለም ፊት የቀረበው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጨርሶ በሌላ በሽታ ምክንያት ነው። ሉኪሚያ ወይም የደም ነቀርሳ የሚባለው፣ በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚፈጠሩት የደም ሕዋሳት፣ በተለይም ነጮቹ፣ ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲራቡ የሚመጣ ሕመም ነው። በ1950ዎቹ በካናዳ ኖብልና ቢር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የማዳጋስካር ፔሪዊንክል የተባለውን ተክል ለስኳር በሽታ ይረዳ እንደ ሆነ ሲመረምሩ፣ ጭማቂው የአይጦችን ነጭ የደም ሕዋሳት እንደሚቀንስ ተገነዘቡ። ከዚሁ ተክል የተገኘው ቪንክሪስቲን በ1963 በአሜሪካ ተፈቅዶ ለሉኪሚያ ሕሙማን ሕፃናት ዋና መድኃኒት ሆነ። በዚህም ምክንያት ዕፅዋትን በደም ነቀርሳ ሕዋሳት ላይ መፈተን ብርቱ ተስፋ ተጣለበት።

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከእርሻ መሥሪያ ቤቱ ጋር ተባብሮ በ1960 ሰፊ የዕፅዋት ምርመራ ጀመረ። ሥራው እስከ 1982 ድረስ ሲካሄድ፣ 35,000 ከሚያህሉ የተክል ዝርያዎች የተገኙ ከ100,000 በላይ ጭማቂዎች ተፈትነዋል። ለቃሚዎቹ ከደረሱባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

የፈተናው ዘዴ በመሠረቱ ቀላል ነበር። ኤል 1210 ወይም ፒ 388 የተባሉ የአይጥ ሉኪሚያ ሕዋሳት በጤነኛ አይጦች ሆድ ውስጥ ይወጋሉ። ለከፊሎቹ የተክሉ ጭማቂ ይሰጣል፤ ከፊሎቹ ያለ መድኃኒት ይተዋሉ። ሁለቱም ወገኖች ስንት ቀን በሕይወት እንደ ቆዩ ይቈጠራል። በፒ 388 ፈተና ጭማቂ ያገኙት ካላገኙት ቢያንስ አንድ አራተኛ ያህል ጊዜ አብልጠው ከኖሩ፣ ተክሉ ለቀጣዩ ምርመራ ያልፋል። ከዚህ ጎን በመስታወት ዕቃ ውስጥ በሚራቡ የሰው ነቀርሳ ሕዋሳት ላይም ይፈተናል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ጭማቂ የሕዋሳቱን ዕድገት በግማሽ ካገደ «ኃይል ያለው» ይባላል። ሉኪሚያ ለዚህ የተመረጠው ከሌሎች የነቀርሳ ዓይነቶች የከፋ በመሆኑ አልነበረም። ሕዋሳቱ በፈሳሽ ውስጥ ተንሳፈው ስለሚያድጉና ፈጥነው ስለሚራቡ፣ ለመቍጠርም ለማዛመትም የተመቹ ሆነው ስለ ተገኙ ነው።

ከኢትዮጵያ የወጡት ሁለት ንጥረ ነገሮች

ከኢትዮጵያ የተለቀሙትን ዕፅዋት ከመረመሩት መካከል በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የነበሩት ሞሪስ ኩፕቻን ቀዳሚ ናቸው። በ1972 ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በሀገራችን አጣጥ ከሚባሉት ተክሎች ወገን ከሆነው ከማይቴነስ ኦቫተስ ማይታንሲን የተባለውን ፀረ ሉኪሚያ ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አስታወቁ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1973፣ ከዋጊኖስ ብሩሲያንቲን የተባለውን አወጡ። በዚሁ ሪፖርታቸው ዋጊኖስ በኢትዮጵያ ለነቀርሳ ሕክምና የሚያገለግል ዛፍ መሆኑን ጠቅሰዋል፤ የትኛው ባለመድኃኒት፣ የት አገር፣ እንዴት አድርጎ ያክምበት እንደ ነበረ ግን አይገልጽም። ራስ ኤል ፊል ላይ የታየው ነገር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ተደገመ፤ ዕውቀቱ ተመዘገበ፣ ባለቤቱ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ የምህንድስና ጥያቄ ሆነ። የኢትዮጵያው የአጣጥ ወገን በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ተክል ውስጥ የያዘው ማይታንሲን 0.2 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነበር። ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። አንድ ግራም ለማግኘት 5,000 ኪሎ ግራም ደረቅ ተክል ያስፈልጋል፤ ያውም በማጣሪያው ሂደት ምንም ሳይባክን ነው። ይህን ያህል ከጫካ መልቀም ተክሉን ማጥፋት ነውና፣ ተመራማሪዎቹ የበለጠ ወደሚይዘው ወደ ኬንያው ዝርያ ዞሩ። ቆይቶም በ1977 የጃፓን ተመራማሪዎች የማይታንሲን የቅርብ ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር ከረቂቅ ተሕዋስያን አገኙ። ከዚያ ወዲህ በማብላያ ጋን ማምረት ተቻለ፤ የተክሉም አስፈላጊነት በዚያው አበቃ።

የብሩሲያንቲን ዕጣ ደግሞ ሌላ ሆነ። ይህ ንጥረ ነገር ሕዋሳት ፕሮቲን የሚሠሩበትን መሣሪያ፣ ማለት ራይቦዞምን፣ የሚያግድ ነው። የሚራባ የነቀርሳ ሕዋስ ብዙ ፕሮቲን ስለሚፈልግ ቶሎ ይጎዳል፤ ጤነኛው ሕዋስ ግን ፈጽሞ አይድንም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ለሕሙማን ሲሰጥ የደም ግፊትን ዝቅ አደረገ፤ ማቅለሽለሽንና ትውከትንም አመጣ። በጡት ነቀርሳና ሜላኖማ በሚባለው የቆዳ ነቀርሳ ላይ ተሞክሮ ዕጢን ሊያሟሽሽ ባለመቻሉ ሙከራው ቆመ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በአይጦች ላይ ኃይሉን ያሳየው በደም ነቀርሳ ነበር፤ ሁለተኛው ደረጃ ሙከራ የተደረገው ግን በጠጣር ዕጢዎች ላይ ነው። ፈተናውና አገልግሎቱ ለየቅል ሆኑ።

በዚያው ሰሞን፣ በ1982፣ ሌሎች የአሜሪካ ተመራማሪዎች ብሩሲያንቲንን የደም ተቅማጥ በሚያመጣው አሜባ ላይ ሞክረው ብርቱ ገዳይ ሆኖ አገኙት። እነሆ፣ ከቋራ ጠረፍ የመጣው ሰው በሻይ ማንኪያ ለክቶ የሰጠው ዱቄት ይሠራ እንደ ነበረ ላቦራቶሪው የመሰከረለት ከ210 ዓመት በኋላ ነው።

ተስፋው እንደገና

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1986 በአሜሪካ የተካሄደ ጥናት ከዋጊኖስ ሌሎች ፀረ ሉኪሚያ አልካሎይዶች ማግኘቱን ዘገበ። በ2002 የብሩሲያንቲን የቅርብ ዘመድ የሆነው ብሩሳቶል በሰው ሉኪሚያ ሕዋሳት ላይ ሲፈተን፣ ሕዋሳቱን ከመግደል ሌላ ወደ በሰለ የደም ሕዋስ እንዲለወጡ የሚገፋፋ ሆኖ ተገኘ። በ2004 ደግሞ ብሩሲያንቲን ማይሎማ በተባለው የመቅኔ ነቀርሳ ላይ ተፈትኖ በላቦራቶሪ መልካም ውጤት በማሳየቱ፣ ተመራማሪዎቹ የቀድሞው መድኃኒት ለደም ነቀርሳዎች እንደገና ቢታሰብበት ይገባል አሉ።

ይህ ከንቱ ተስፋ አለመሆኑን ሁለት ምሳሌዎች ያስረዳሉ። የቻይና ሐኪሞች ከ1970ዎቹ ጀምረው የተጠቀሙበት፣ ከሴፋሎታክሰስ ዛፍ የተገኘው ሆሞሃሪንግቶኒን፣ እንደ ብሩሲያንቲን ሁሉ ፕሮቲን መሥራትን የሚያግድ ነው። ከብዙ ዓመት ምርምር በኋላ በ2012 ለአንድ ዓይነት ሥር የሰደደ ሉኪሚያ በአሜሪካ ተፈቀደ። ብቻውን ለሰው ሲሰጥ መርዝነቱ በዝቶ የተተወው የማይታንሲን ዘር ደግሞ፣ ነቀርሳውን ለይቶ ከሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ በ2013 ለጡት ነቀርሳ ተፈቅዷል። በሁለቱም የተለወጠው የንጥረ ነገሩ ኃይል አይደለም። መጠኑን የመወሰንና ከሚፈለገው ስፍራ የማድረስ ዘዴ ነው የተለወጠው።

የቤት ሥራችን

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሀገራችን ድርሻ ምን ነበር ቢባል፣ ለረጅም ዘመን ተክል ማቅረብ ብቻ ነበር። የጎንደር ሊቃውንትና ደብተሮች የመድኃኒት መጻሕፍትን በግእዝና በአማርኛ እየገለበጡ ጠብቀዋል። ከነዚህ ብዙዎቹን ስቴፋን ስትረልሲን የተባሉት ፖላንዳዊ ሊቅ በ1968 እና በ1973 በሁለት ቅጽ አሳትመው ለዓለም አሳውቀዋል። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተቋቋመ ከ1954 ወዲህም ዘመናዊው ሕክምና በከተማዪቱ ሥር ሰዷል። ሁለቱ የዕውቀት ወገኖች ግን ለረጅም ጊዜ አንዱ ካንዱ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ኖሩ።

ዛሬ ሁኔታው መለወጥ ጀምሯል። በ2010 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እንዳልካቸው ንብረት ከጀርመናዊው ፕሮፌሰር ሚካኤል ዊንክ ጋር ሆነው ከኮሶ፣ ከራስ ክምርና ከሽፈራው የተወሰደውን ዘይት ኤች ኤል 60 በሚባሉ የሰው ሉኪሚያ ሕዋሳት ላይ ፈትነው ውጤቱን አሳትመዋል። ኮሶ ብሩስም በዘመኑ የገለጸው ዛፍ ነውና፣ መርማሪው የአገሩ ልጅ መሆኑ ታሪኩን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወስዶታል።

ይህን መሳዩን ሥራ በሀገር ውስጥ ለማካሄድ የሚያስፈልገው መሣሪያ የሙያችን ጉዳይ ነው። ተክሉ ደርቆና ተፈጭቶ በአልኮል ይነከራል፤ ተጣርቶ አልኮሉ በዝቅተኛ ግፊት ይተናል፤ የቀረው ጭማቂ በተለያየ መጠን ተበርዞ በጥቃቅን ጎድጓዶች ውስጥ ባሉት ሕዋሳት ላይ ይጨመራል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን በኋላ ኤም ቲ ቲ የተባለው ቢጫ ቀለም ይገባበታል። በሕይወት ያሉት ሕዋሳት ቀለሙን ወደ ሐምራዊ ይለውጡታልና፣ ከድምቀቱ ስንቱ እንደ ተረፈ ይታወቃል። ሕዋሳቱ ግን ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ልክ ከ5 በመቶ እንዳይዛነፍ ይሻሉ፤ ዘራቸው የሚጠበቀውም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል አንድ ሌሊት ቢቋረጥ፣ ወይም መሣሪያው ተበላሽቶ ጠጋኝ ቢታጣ፣ የወራት ድካም ይባክናል። ስለዚህ የመጠባበቂያ ኃይል፣ የናይትሮጅን ማምረቻና የመሣሪያ ጥገና፣ ለባዮሎጂ ሰዎች ተትተው የምንመለከታቸው ነገሮች አይደሉም።

ሕግም አለ። በ2006 የወጣው፣ በእኛ አቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 482/1998፣ የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለመውሰድ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅና ማኅበረሰቡም ከሚገኘው ጥቅም እንዲካፈል ይደነግጋል። በ1960ዎቹ የተለቀሙት ዋጊኖስና አጣጥ ይህን የመሰለ ጥበቃ አልነበራቸውም። ሕጉ በሥራ ላይ ሊውል የሚችለው ግን ዕውቀቱ የማን እንደ ሆነ በጽሑፍ ሲታወቅ ነው። መዝገብ ከሌለ ባለመብት የለም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ መጨመር ግዴታ ነው። ጭማቂው በመስታወት ዕቃ ውስጥ የሉኪሚያ ሕዋስ ገደለ ማለት ለሰው መድኃኒት ሆነ ማለት አይደለም። የብሩሲያንቲን ታሪክ ራሱ እንዳስረዳን፣ ነቀርሳውን የሚያግደው ነገር የበሽተኛውንም አካል ይጎዳል። ታማሚ ዋጊኖስ ቀቅሎ እንዲጠጣ የሚመክር ሰው ቢገኝ ከአጥፊ የሚቈጠር ነው። ጤነኛውን ሕዋስ ከነቀርሳው ሕዋስ ጋር ጎን ለጎን ያልፈተነ ምርመራም ግማሽ ምርመራ ነው።

በሰሜን ጎንደር ደጋዎችና ሸለቆዎች የመድኃኒት ዐዋቂዎች ዛሬም አሉ፤ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ዕውቀታቸውንም ለልጅ ወይም ለቅርብ ዘመድ ብቻ የማውረስ ልማድ አላቸው። ጫካውም ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ፣ በብዙ ስፍራ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ብቻ ተወስኖ ቀርቷል። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት በየሥራ ቦታቸው ከመድኃኒት ቅመማና ከዕፅዋት ባለሙያዎች ጋር ተባብረው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ። በባለዕውቀቱ ፈቃድ፣ ከነስሙ፣ ከነቀበሌው፣ ከነአሠራሩ መመዝገብ፤ የደረቀ ናሙና ለዕፅዋት ቤተ መዘክር ማስቀመጥ፤ ላቦራቶሪውም ኃይልና ጥገና እንዳያጣ ማድረግ። ከነዚህ አንዱም ከዐቅማችን በላይ አይደለም፤ ለዚሁ ሥራ የሚቀጥለው መዝገብ ሲከፈት፣ በመጀመሪያው መሥመር ላይ ሊሰፍር የሚገባው የባለመድኃኒቱ ስም ነው።